ሰሜን ሸዋን በመኪና ለማቋረጥ፦ መንገዱና መጓጓዣው እንዴት ይመረጣል?

ካርታ ዘርግቶ በማስመሪያ ለሚለካ ሰው ከደብረ ብርሃን እስከ አለም ከተማ ያለው ርቀት 70 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጠዋት ተነሥቶ ለምሳ መድረስ የሚቻል ይመስላል። እኔም ከዓመታት በፊት እንደዚያ መስሎኝ አለም ከተማ በምትገኝበት በመርሐቤቴ ለምትኖር አክስቴ «እትዬ፣ ለምሳ ይጠብቁኝ» ብዬ ደወልኩላት። የደረስኩት ግን ምሽት ላይ ነው፤ የተሠራው ወጥ ሁለት ጊዜ ሞቆ ጠበቀኝ። በሁለቱ ከተሞች መካከል የጀማ ወንዝና ገባሮቹ መሬቱን ሰንጥቀው ያልፋሉ፤ መኪና ደግሞ እንደ አሞራ ገደል አይሻገርም። ወይ ዞሮ ይሄዳል፣ ወይ ወርዶ ይወጣል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰሜን ሸዋ ጉዞ ሳቅድ በቅድሚያ የምጠይቀው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አይደለም። ስንት ጊዜ እወርዳለሁ? ስንት ጊዜ እወጣለሁ? ከወረድኩ በኋላ በዚያው ቀን መመለስ አለብኝ? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መንገዱንም፣ መኪናውንም፣ የማደሪያ ከተማውንም ይወስናል። ከዚህ በታች የማስቀምጠው አካሄድ በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

አንደኛ፦ ከሁሉ በፊት ሰላሙን ጠይቁ

ባለፉት ዓመታት በሰሜን ሸዋ በጸጥታ ምክንያት መንገድ የተዘጋባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ የትኛውም ዕቅድ የሚጀምረው «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ባለፈው ሳምንት ስለነበረው ሁኔታ ሳይሆን ስለ ዛሬና ስለ ነገ መሆን አለበት። በምትደርሱበት ከተማ ዘመድ ወይም ወዳጅ ካላችሁ ለእርሱ ደውሉ፤ ቀጥሎ በመናኸሪያ ያሉ ሾፌሮችን ጠይቁ። አውቶቡሶች ወደዚያ መስመር እየወጡ ካልሆነ እናንተም አትውጡ። ይህን ነጥብ ለድርድር አታቅርቡት፤ አንድ ሠርግ ወይም አንድ ተዝካር ቢያመልጥ ይቅርታ ይጠየቅበታል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ዞኖች ሁለት ናቸው። አንደኛው ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው በአማራ ክልል የሚገኘው ነው፤ ሌላው ዋና ከተማው ፍቼ የሆነው በኦሮሚያ ክልል ያለው ነው። በአንድ ቀን ጉዞ ሁለቱንም ልትረግጡ ትችላላችሁ። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ በሙከጡሪ አድርጎ ወደ አለም ከተማ የሚሄድ ሰው ከአንዱ ዞን ወደ ሌላው ይሻገራል። የአንዱን ወገን ሁኔታ ጠይቆ የሌላውን መዘንጋት ግማሽ መረጃ ይዞ መውጣት ነው።

ሁለተኛ፦ መሬቱን በሦስት ክፈሉት

የሰሜን ሸዋን መንገዶች ለመረዳት የውኃውን አካሄድ መከተል ይበቃል። በምሥራቁ አፋፍ ላይ የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በምዕራቡ የወረደው በጀማ በኩል ወደ አባይ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል ደጋው አለ። ከሰንዳፋ ተነሥቶ በአለልቱ፣ በሸኖ፣ በጫጫ አድርጎ ደብረ ብርሃን የሚደርሰውና እስከ ጣርማበር የሚቀጥለው አስፋልት በዚህ ደጋ ላይ የሚሄድ ነው። ትልልቅ ወንዞችን ስለማይሻገር ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ አይገባም። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ እንደ ከተማው መውጫ መጨናነቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት የሚበቃው ለዚህ ነው።

ከዚህ ደጋ ወደ ግራም ሆነ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ሒሳቡ ይለወጣል። ወደ ምሥራቅ ከሆነ መሬቱ በአንኮበርና በደብረ ሲና በኩል ወደ ይፋት ቆላ ይወድቃል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ወደ ምዕራብ ከሆነ ደግሞ የጀማ ሸለቆ አለ፤ እርሱ ወርዳችሁ በማዶ እንደገና የምትወጡት ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ ምሥራቁ አንድ ትልቅ ቁልቁለት ነው፣ ምዕራቡ ቁልቁለትና ዳገት በአንድ ላይ ነው። በካርታ ላይ እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት መንገዶች በሰዓት ሲቆጠሩ እጅግ የሚለያዩት በዚህ ነው።

ሦስተኛ፦ ከአምስቱ መስመሮች የእናንተን ምረጡ

ዋናው መስመር ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት አልፎ ወደ አጣዬ፣ ከሚሴና ደሴ የሚወጣው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጓዝ ሰው ከዚህ ይጀምር እላለሁ። አስፋልት ነው፣ ትራንስፖርት በብዛት አለ፣ በየከተማው ምግብና አልጋ ይገኛል። በአንድ ቀን ከውርጭ አገር ወደ ማንጎና ሽንኩርት አገር ትወርዳላችሁ። ፈታኙ ክፍል ከጣርማበር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ነው፤ ስለ እርሱ ወደ ኋላ ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ።

የአንኮበር መስመር ከደብረ ብርሃን ወደ ደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረውን ስፍራ ለማየት ለሚሹ ደርሶ መልሱ በአንድ ቀን ያልቃል። አንኮበር አፋፍ ላይ ስለተቀመጠች የምሥራቁን ቆላ ከላይ ታዩታላችሁ፤ ሰማዩ ጥርት ካለ ዓይን እስከሚደክም ድረስ ይታያል። ከዚያ ቁልቁል አልዩ አምባ አለ፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉበት ገበያ ነበር። ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን መንገድ ግን በአንኮበር ሰው ሳትጠይቁ አትጀምሩ። መንገዳችሁ ላይ ጫጫ አጠገብ አንጎለላ አለ፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱበት ነው። ለግማሽ ሰዓት መቆም ይገባል።

የመንዝ መስመር ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ከአዲስ አበባ በኩል ስትመጡ ከጣርማበር ዋሻ በፊት ወደ ግራ ታጥፋችሁ በመዘዞ በኩል ወደ ጓሳና ወደ መሐል ሜዳ ትሄዳላችሁ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ ሣራማ ደጋ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። የአካባቢው ሕዝብ የጓሳውን ሣር «ቄሮ» በተባለ የራሱ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሣሩ በተወሰነ ጊዜ እንጂ እንደፈለጉ አይታጨድም። መኪናችሁን ሣሩ ላይ ማውጣት ያን ሁሉ ዘመን የተጠበቀ ነገር መርገጥ ስለሆነ ከመንገዱ አትውጡ። በዚህ መስመር ከፍታው እንዳለ ይቆያል፤ ገደል ባይበዛበትም ብርድና ጉም አለበት፣ ነዳጅ ማደያም እንደ ዋናው መንገድ በየከተማው አይገኝም።

የጀማ መስመር ከአዲስ አበባ በሱሉልታና በጫንጮ አድርጎ እስከ ሙከጡሪ በጎጃም መንገድ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፎ በለሚ በኩል ወደ ጀማ ይወርድና በማዶ ወደ አለም ከተማ ይወጣል። ከአዲስ አበባ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱን በአንድ ቀን አትሞክሩት። የሸለቆው ወለል ሞቃት ነው። አፋፉ ላይ ቆሞ ወንዙን ማየት ግን ለጉዞው ዋጋ ይበቃዋል።

የአባይ መስመር የጎጃምን መንገድ ሳይለቅ በፍቼ፣ በገብረ ጉራቻና በጎሐ ጽዮን አድርጎ ወደ አባይ በረሃ የሚወርደው ነው። ፍቼ ከመድረሳችሁ በፊት ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም የሚያስገባ መታጠፊያ አለ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም ከ1,000 ሜትር በላይ መውረድና ያንኑ ያህል መውጣት ስላለው ከከባድ መኪናዎች ኋላ ተሰልፎ መሄድ የግድ ነው።

ስለ ሚንጃር አጭር ቃል፦ የወረዳው ከተማ አረርቲ በአስተዳደር የሰሜን ሸዋ ብትሆንም መንገዷ በሞጆና በኤጀሬ በኩል ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ እደርሳለሁ ብላችሁ አታቅዱ፤ ለብቻዋ የምትሄዱባት አድርጉ።

በአንድ ጉዞ የምሥራቁንና የምዕራቡን መስመር ለማያያዝ የሚመኝ ሰው ብዙ ነው። በደነባና በእነዋሪ በኩል ከደብረ ብርሃን ወደ ምዕራብ መሄድ ይቻላል። ያ አገር የጂሩ ሰንጋና የስንዴ አገር ነው፤ መሬቱም ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ሲረጥብ ደግሞ ያብጥና ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ከአስፋልትና ከጠጠር ወጥቶ በመረሬ ላይ የሚሄድ መንገድ በበጋ ሜዳ ነው፣ በክረምት ወጥመድ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ ለዚህ አሳብ አታውሉት።

አራተኛ፦ በምን እንሂድ?

የራስ መኪና ያለው ሁሉ በራሱ መኪና መሄድ አለበት ማለት አይደለም። ፍላጎታችሁ ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት ደርሶ መመለስ ብቻ ከሆነ ከላምበረት መናኸሪያ የሚነሣ አውቶቡስ ወይም ሚኒባስ ይበቃችኋል። የመስመሩ ሾፌር እያንዳንዷን ኩርባ ያውቃታል፤ እናንተም ገደሉን ከማየት በቀር ሥራ የላችሁም። ጉዳቱ በፈለጋችሁበት አለመቆም ነው። ጣርማበር ላይ ጭላዳ ሲጋልብ አይታችሁ «ወራጅ አለ» ብትሉ ቀጣዩን መኪና ብርድ ላይ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ።

እኔ የምመክረው ሁለቱን ማቀላቀልን ነው። እስከ ደብረ ብርሃን በሕዝብ ትራንስፖርት ሂዱ፤ ከዚያ መስመሩን የሚያውቅ ሾፌር ያለው መኪና በኮንትራት ያዙ። ከአዲስ አበባ መኪና ተከራይቶ ደጋውን ሁሉ ከመንዳት ወጪውም ድካሙም ይቀንሳል። ኮንትራት ስትዋዋሉ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቀን ተዋዋሉ፤ ነዳጁ በማን እንደሆነ፣ የሾፌሩ አልጋና ምግብ በማን እንደሆነ ሳትነሡ ተነጋገሩ። ቤተሰቤ አንድ ጊዜ ይህን ሳይነጋገር ወጥቶ መሐል ሜዳ ላይ ከሾፌሩ ጋር በነገር ሲጋጭ አመሸ፤ የተበላሸው ገንዘብ ብቻ አልነበረም።

በዋናው መስመር ላይ ጤነኛ የቤት አውቶሞቢል በቂ ነው። ወደ መንዝና ከአንኮበር በታች ግን ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ያስፈልጋል። በቅጥቅጥ መሄድ የሚሻ መሐል መቀመጫ ይያዝ፤ ከኋላ ጎማው በላይ ያለው ቦታ በኮረኮንች መንገድ ላይ ወገብ ያደክማል።

በኤሌክትሪክ መኪና የሚመጡ ሰዎች እየበዙ ስለሆነ ስለ እርሱ በተለይ ልናገር። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማበር ስትመለሱ ወደ 1,800 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ትወጣላችሁ። ሰውና ዕቃ ይዞ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይበላል፤ ይህ መኪናው በሜዳ ላይ ከሚበላው በተጨማሪ ነው። ስለዚህ ማሳያው «100 ኪሎ ሜትር ይቀርሃል» ቢልም ዳገቱን አያውቀውም። በወረዳችሁ ጊዜ ከባትሪው የተረፈውን አይታችሁ መመለሻውን አስሉ። ሌላው ጥንቃቄ ተቃራኒ ይመስላል፦ ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ባትሪውን እስከ አፉ አትሙሉት። ሞተሩ ሲወርድ እያመነጨ መኪናውን የሚይዘው ለኃይሉ ማስቀመጫ ቦታ ሲኖረው ነው፤ ባትሪው ከሞላ ሥራው ሁሉ በመደበኛው ፍሬን ላይ ይወድቃል።

አምስተኛ፦ መንገድ የመጠየቅ ጥበብ

ስልክ ላይ ያለ ካርታ መንገዱ የት እንዳለ ያሳያል፤ ዛሬ ጠዋት ናዳ እንደዘጋው ግን አይነግራችሁም። ያን የሚያውቀው የአገሬው ሰው ነው፤ ነገር ግን አጠያየቁን ማወቅ ይገባል። አንድ ጊዜ መንዝ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አግኝቼ «አባቴ፣ መንገዱ ደህና ነው?» አልኳቸው። «ደህና ነው ልጄ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝ። ሄድኩ፣ ተቀረቀርኩ። ስመለስ አግኝቻቸው ስነግራቸው «እኔማ በበቅሎ መስሎኝ» አሉ። ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረም፤ እርሳቸው በሚያውቁት መንገድ መልሰውልኛል። ባጠያየቅ የበደልኩት እኔ ነኝ።

አሁን የምጠይቀው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከመኪና ወርጄ ሰላምታ እሰጣለሁ፤ በመስኮት አንገት አውጥቶ መጮህ ነውር ነው፣ መልሱም የችኮላ ይሆናል። ከዚያ «ዛሬ ከዚያ ወገን መኪና መጥቷል?» እላለሁ። መጥቶ ከሆነ «ምን ዓይነት መኪና ነው?» እላለሁ። አይሱዙ ከመጣ ሌላ ነው፣ ትንሽ አውቶሞቢል ከመጣ ሌላ ነው። «ማታ ዘንቧል?» ብዬ እጨምራለሁ። ርቀትን በተመለከተ «ቅርብ ናት» የሚለውን መልስ ተቀብላችሁ አትለፉ። ገበያ በእግሩ ለሚወጣ ገበሬ አራት ሰዓት ቅርብ ሊሆን ይችላል። «ቁርስ በልታችሁ ብትነሡ መቼ ትደርሳላችሁ? በመኪናስ?» ብላችሁ ሁለቱንም ጠይቁ።

ከሁሉ የተሻለው መረጃ የሚገኘው ግን ማታ በመናኸሪያ ነው። ከዚያ መስመር የገባ አውቶቡስ ረዳት ፈልጉና «ስንት ሰዓት ተነሥታችሁ ስንት ሰዓት ገባችሁ?» በሉት። እርሱ የሚሰጣችሁን ሰዓት ለዕቅዳችሁ መሠረት አድርጉት፤ በራሳችሁ መኪና ትንሽ ልትፈጥኑ ትችላላችሁ፣ ብዙ ግን አትፈጥኑም።

ስድስተኛ፦ ወሩንና ሰዓቱን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መንገዱ ይደርቃል። ዋጋው ብርድ ነው፤ በደብረ ብርሃንና በመንዝ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ያረጀ ባትሪ ያለው መኪና ጠዋት አልነሣም የሚለው በዚህ ወቅት ስለሆነ ከመነሣታችሁ በፊት አስመርምሩት። ወፍራም ጋቢ ያስፈልጋል፤ የመንዝን ባና በመንገድ ላይ ማግኘት ከቻላችሁ ደግሞ ከሱቅ ብርድ ልብስ ይበልጣል። ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ክረምቱ ለዋናው አስፋልት እንጂ ለሌላው አይሆንም።

ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ ጀማ ሸለቆ የምትወርዱ ከሆነ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ የሚበረታበት ጊዜ መሆኑን አስቡ። ደጋ ያደገ ሰው ይህን ይረሳል። አጎበር ያዙ፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ ቆላ ወርዳችሁ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩ።

የበዓላት ቀን ነገሩን ይለውጠዋል። ወደ ደብረ ሊባኖስ ነሐሴ 24፣ ግንቦት 12 እና ታኅሣሥ 24 የምእመናን ብዛት መንገዱን ይሞላዋል። በሰላ ድንጋይ በኩል ወደ ጻድቃኔ ማርያም የሚሄደውም መንገድ በማርያም ቀን ይጨናነቃል። ለመሳለም ከሆነ መልካም፤ ለማለፍ ብቻ ከሆነ ሌላ ቀን ምረጡ። የገበያ ቀንም እንዲሁ ነው፦ በየከተማው ዳር አህያ፣ በግና ሸክም የያዘ ሰው መንገዱን ይጋራል። መንገዱ የእነርሱም ነው፤ ፍጥነት ቀንሱ።

ሰዓቱን በተመለከተ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሡ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ሳያልፍ ማደሪያችሁ ግቡ። ከጨለማ በኋላ አትንዱ። መብራት የሌለው ጋሪና ከብት፣ ጉም፣ ተበላሽቶ ያለ ምልክት የቆመ ከባድ መኪና ሁሉም ከመሸ በኋላ ይጠብቃሉ።

ሰባተኛ፦ ቁልቁለቱ

ከጣርማበር መውረድ ሹፍርና የሚፈተንበት ነው። ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ዋሻ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረ ነው፤ ውስጡ ጨለማና ጠባብ ነው። ከመግባታችሁ በፊት መብራት አብሩ፣ የፀሐይ መነጽር አውልቁ፣ በውስጡ አትቅደሙ። ብዙ ጊዜ በአንደኛው አፍ ፀሐይ ሆኖ በሌላኛው ጉም ይጠብቃል። ጉም ውስጥ ረጅም መብራት ማብራት ነጭ ግድግዳ ከፊት ማቆም ነው፤ አጭሩን ተጠቀሙ። ሲብስም ከመንገድ ፈጽሞ ወጥታችሁ ቁሙ፣ አራቱንም ፍሬቻ አብሩ።

መጀመሪያ በነዳሁ ጊዜ ደብረ ሲና ከመድረሴ በፊት የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ሸተተኝ። እግሬን ከፍሬን ላይ ሳላነሣ ነበር የወረድኩት። መንገድ ዳር ቆሜ ጎማው አጠገብ ስደርስ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ውኃ ልደፋበት ስል አንድ አረጋዊ የከባድ መኪና ሾፌር ከመኪናቸው ወርደው እጄን ያዙኝ። «ተው ልጄ፣ የጋለ ብረት ላይ ውኃ ከደፋህ ይሰነጠቃል። ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ ራሱ ይቀዘቅዛል» አሉ። ግማሽ ሰዓት አብረውኝ ተቀመጡ። ሲነሡ የነገሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ።»

ምክንያቱ ይህ ነው። ፍሬን የመኪናውን ሩጫ ወደ ሙቀት ይለውጣል። አጭር ቁልቁለት ላይ ሙቀቱ በነፋስ ይወጣል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ይጠራቀማል። የፍሬኑ ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ያቆማል፤ የፍሬኑ ዘይት ሲፈላ ደግሞ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። በዝቅተኛ ማርሽ ከወረዳችሁ መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ነው፤ ፍሬን የሚያስፈልገው ኩርባ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዋሻው ስትወጡ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገቡ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙና ፈጽማችሁ ልቀቁት፤ ረገጥ አድርጎ መክረም ነው የሚያቃጥለው። አውቶማቲክ መኪና ከሆነ ማርሹን በእጅ ወደ ዝቅተኛው አውርዱ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ (ማርሽ ሳያስገቡ) መውረድ ነፍስን በሳንቲም መሸጥ ነው።

የምትወጡ ከሆነ ችግሩ የሞተሩ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። የሙቀት ጠቋሚው ከፍ ካለ የመኪናውን የውስጥ አየር ማቀዝቀዣ አጥፉ፣ ካልበቃም ቁሙ። የጋለ ራዲያተር ክዳን ግን በፍጹም አትክፈቱ፤ ታፍኖ የቆየው ውኃ ፊት ላይ ይወጣል። ለሚወርድ ከባድ መኪና መንገድ ስጡት፤ እርሱ እንደ እናንተ ሊቆም አይችልም።

ስትወርዱ ልብስም ይወረዳል። በየ1,000 ሜትሩ ከስድስት ዲግሪ በላይ ሙቀት ስለሚጨምር በጣርማበርና በሸዋ ሮቢት መካከል ያለው ልዩነት 12 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ደብረ ሲና ላይ ሻይ ጠጥታችሁ ጋቢውን አጥፉ፤ ሕፃናት ሹራብ ለብሰው ተኝተው ሲወርዱ በሙቀት ይታመማሉ።

ስምንተኛ፦ ከመውጣታችሁ በፊት የሚጫነውና የሚታየው

የፍሬን ሸራና ዘይት ያስመርምሩ፤ ይህ ከሁሉ ይቀድማል። ተለዋጭ ጎማው ነፋስ እንዳለው በእጃችሁ ተጭናችሁ እዩ፣ ክሪኩ እንደሚሠራም አንድ ጊዜ ሞክሩት። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ሰነድ በአንድ ፖስታ ይሁኑ። ወደ መንዝ ከሆነ ደብረ ብርሃን ላይ ታንከሩን ሙሉ፤ በጀሪካን የሚሸጥ ነዳጅ ንጽሕናው አይታወቅም። የምትከፍሉበት ስልክ ኔትወርክ ሊያጣ ስለሚችል ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

ዘጠነኛ፦ በአራት ቀን ቢሆን

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጓዝ ቤተሰብ ሐሙስ መነሣትን እመክራለሁ፤ ምክንያቱ እሑድ ላይ ይታያል። ሐሙስ ንጋት ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ ሸኖ ላይ ለጋ ቅቤዋን ለቤት ግዙ የሚል ካለ ለመመለሻው አቆዩት፣ ቆላ ወርዶ ይቀልጣል። ደብረ ብርሃን አልጋ ይዛችሁ ዕቃ አራግፉና አንኮበር ደርሳችሁ ተመለሱ። የመጀመሪያው ሌሊት በ2,800 ሜትር ላይ ማደር ሰውነትን ለሚቀጥለው ከፍታ ያለማምደዋል።

ዓርብ በጣርማበር ታጥፋችሁ ወደ ጓሳ ሂዱ። የጾም ቀን ስለሆነ ሽሮና በያይነቱ በሁሉም ቤት አለ። ጓሳ ላይ የማኅበረሰቡ ማረፊያ አለ፤ አልጋው ጥቂት ስለሆነ አስቀድማችሁ ደውሉ። ቅዳሜ ጠዋት ቀይ ቀበሮዋን ፈልጉ፤ በማለዳ ነው አይጥ ስታድን የምትታየው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተነሥታችሁ ወደ ጣርማበር ተመለሱ፣ ቁልቁለቱን በቀን ብርሃን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት እደሩ።

እሑድ ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን ሰንበቴ ውጡ። ስሟ እንደሚለው ገበያዋ በሰንበት ነው። ከደጋ የወረደው አማራ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና ከበረሃ የመጣው አፋር በአንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ፤ የደጋው እህልና የቆላው ከብት ዋጋ ይቆረጥላቸዋል። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ሰውየውን አስፈቅዱ። ከዚያ ወደ ደሴ የምትቀጥሉ ከሆነ መንገዱ ከፊታችሁ ነው። ወደ አዲስ አበባ የምትመለሱ ከሆነ ግን ገበያውን ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ልቀቁ። ጣርማበር ላይ ከሰዓት በኋላ ጉም መውረድ ይወዳል። ደብረ ሲና ስትደርሱ ቀና ብላችሁ አፋፉን እዩት፤ ከተሸፈነ እዚያው እደሩ፣ ሰኞ ማለዳ ይገለጣል።